ለዳዊት ያልደረሰው ክትባት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሀና ማርያም

የጥቅምት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ የግቢያችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጋቢ ልደርብልሽ ብላት እምቢ አለች።

"እንሂድ መሲ፣ ሰልፉ ሳይረዝም።"

አንባቢዎቼ የምታውቁኝ በሩቅ መንገድ ነው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ግማሽ ቀን በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከዚያ በእግር እየተጓዝኩ የደረስኩበትን ስጽፍላችሁ ቆይቻለሁ። የዛሬው መንገድ ከአንድ ክፍለ ከተማ አይወጣም። ከሀና ማርያም ተነስተን ብስራተ ገብርኤል እንሄዳለን፤ ከዚያ ነፋስ ስልክ እንወርዳለን፤ ማታ ቤታችን ነን። ይህን ያህል የፈራሁት መንገድ ግን አላስታውስም።

ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወንድሜ ዳዊት ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበር፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራ ነበር። የገደለው የጉበት ካንሰር ነው። ካንሰሩን ያመጣው ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ መሆኑን፣ ቫይረሱም ምናልባት ከተወለደ ጀምሮ ሳያመው፣ ሳያስነጥሰው በደሙ ውስጥ እንደኖረ ሐኪሙ የነገረን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ያን ቀን ሐኪሙ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ "እናታችሁን፣ እህቱን፣ ሚስቱን፣ ልጁን፣ አንቺንም፣ ሁላችሁም ተመርመሩ" አለኝ። አርባው ይውጣ ብለን ቆየን። አሁን ግን ታናሽ እህታችን ዮዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የሚቆይ ነገር የለም።

ለእናቴ የነገርኳት ይህን ብቻ ነው። ሐኪሙ የጨመረልኝን ሌላውን አልነገርኳትም። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ በወሊድ ሰዓት ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ያን ቀን ነግሮኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ይህን አፌ ውስጥ ይዤ ከእሷ ጋር ቁርስና እራት በላሁ።

12:40፤ ታክሲ ውስጥ

ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ቦርሳ ያነገቱ የቢሮ ሰዎች፣ ባዶ ማዳበሪያ ያጠፉ አትክልት ነጋዴዎች። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት በፕላስቲክ ባልዲ ትኩስ ቦምቦሊኖ ትሸጣለች፤ የዘይቱ ሽታ ከመኪናው ጭስ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ሚኒባሱ ሲመጣ ሰው ለእናቴ መንገድ ለቀቀላት። ጥቁር የለበሰችን አሮጊት ይህ ከተማ አሁንም ያሳልፋታል።

ላፍቶን አልፈን ወደ መካኒሳ ስንቃረብ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኙ ያላለቁ ሕንፃዎች ናቸው። የባሕር ዛፍ እንጨት እንደ ተሸከሙ የቀሩ አሉ፤ አልቀው መስታወታቸው የሚያብረቀርቅም አሉ። እናቴ በጣቷ መስኮቱን ነካ ነካ አደረገች።

"ያ ሰማያዊ መስታወት ያለው፣ አየሽው? እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለው የዳዊት ሥራ ነው።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አንድ ቀን እዚሁ መንገድ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ። ይሄ የእኔ ነው፣ ያኛውን ከነእገሌ ጋር ነው የገጠምነው እያለ አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ግማሹን አልሰማሁትም።"

ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። መስታወት ያለውን ሕንፃ ሁሉ ከታች እስከ ላይ ታየዋለች።

1:30፤ ብስራተ ገብርኤል

የዳዊት ሱቅ ተዘግቷል። ጀርባው ያሉት ሁለት ክፍሎች ቤታቸው ናቸው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሳይቆረጡ የቀሩ ረጃጅም የአሉሚኒየም ዘንጎች ተደግፈዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። ሚስቱ ትዕግሥት እንድንበላ ፍርፍር አቅርባ ነበር፤ እያንዳንዳችን አንድ ሁለት ጉርሻ ወስደን ተውነው። ልጃቸው ቤተል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ለዛሬ ከትምህርት ቤት አስፈቅደዋታል። ቁመቷ ወደ አባቷ ሄዷል፤ ዝምታዋም።

እናቴ፣ "እዚህ መጥቼ ገብርኤልን ሳልሳለም አልሄድም" ብላ ቤተልን አስከትላ ወጣች። ትዕግሥት በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ከሶፋው ሥር የዳዊትን የሥራ ሣጥን ሳበች። የመስኮት ልኬት የተጻፈባቸው ወረቀቶች መሐል አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ።

የደም ምርመራ ውጤት ነው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባው መኪና ገጭቶት ሲተኛ ዳዊት ደም ለግሶ ነበር። በኋላ ደውለው ጠርተውት፣ ደሙ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ መገኘቱን ነግረው፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክትትል እንዲጀምር ጽፈው ሰጥተውታል። ቀኑም፣ ማህተሙም አለ።

"ያውቅ ነበር" አለች ትዕግሥት። ድምፅዋ የቁጣ ነው። "አራት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገረሽም?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ፎቶውን እያየሁ እጠይቀዋለሁ። ፈርቶ ነው? ትተወኛለች ብሎ ነው? ሰው እንደ ኤችአይቪ ያየኛል ብሎ ነው? ሐኪም ጋ ቢሄድ እኮ ክትትል ነበረው፣ መድኃኒትም ነበረው መሲ። ምንም አያመኝም ብሎ መሆን አለበት። ሲያመው ደግሞ አለቀ።"

ወረቀቱን እንደነበረ አጥፌ መለስኩላት። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

"በዚያው ሰሞን መሆን አለበት፤ ቀኑን ሳየው ነው ያስታወስኩት። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ መጣና 'የቤተል የክትባት ካርድ የት ነው?' አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የክትባት ካርድ ምን ያደርግልሃል አልኩት። ቁም ሣጥኑን ገለበጠው። ፍራሹን አነሳ። በመጨረሻ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘው። በስድስት ሳምንቷ፣ በአሥር ሳምንቷ፣ በአሥራ አራት ሳምንቷ ጭኗ ላይ የተወጋችው ሦስቱም ተጽፏል። አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚሉት እሱ ነው። ያን ጊዜ ምን ምን እንደሚከላከል አላውቅም፤ የጎረቤቴ ሴት ልጇን ይዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ፣ በቃ። ዳዊት በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ እዚህ፣ አሁን አንቺ እግርሽን ያሳረፍሽበት ወለል ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ምን ሆነሃል ብለው፣ 'ምንም፤ ደክሞኝ ነው' አለኝ። እኔ ሥራ ላይ ተጣልቶ መሰለኝ።"

በሩ ተንኳኳ። እናቴና ቤተል ተመልሰው ነበር። ትዕግሥት ሣጥኑን በእግሯ ወደ ሶፋው ሥር ገፋችው።

2:45፤ ወደ ነፋስ ስልክ

የእናቴ ጉልበት ከዚህ በላይ ሰልፍ አይችልም፤ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ስልሳ የሚጠጋው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ወልቂጤ አካባቢ ተወልዶ ቄራ እንዳደገ ገና ሳር ቤትን ሳናልፍ ነገረን። በመስታወቱ አየንና ሬዲዮኑን ዘጋ።

"አላህ ያጽናችሁ። ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ልጄ" አለች እናቴ።

"ያጽናዎት እናቴ። ምን አግኝቶት?"

እኔ ቀድሜ፣ "ጨጓራ ነበረበት" አልኩ። ለለቀስተኛው ሁሉ ያልነው ይህንኑ ነበር። የበሽታው ስም ሲነሳ ሰው ብርጭቆ እንደሚለይ እናውቅ ስለነበር፣ ትዕግሥትና ቤተልም በዚያ ሰፈር መኖር ስላለባቸው፣ ተስማምተን ያልነው ነው።

"ጨጓራ አይደለም" አለች ቤተል ከኋላ። "ጉበቱ ነው። ሄፓታይተስ ቢ።"

እናቷ እጇን ያዝ አደረገቻት። ልጅቷ ግን ወደ ውጭ እያየች ነበር፤ የተናገረችውን ለመመለስ የፈለገች አትመስልም።

"ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ ነው የሄደው" አለ ሾፌሩ። "ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ። እኛ የወፍ በሽታ ነው አልን። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ብለን መድኃኒት አዋቂ ጋ ወሰድነው። ያጠጡት ነገር ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ ሳምንትም አልቆየ።"

"እርስዎስ ተመርምረዋል?" አልኩት።

"እኔ ደህና ነኝ እኮ። ይኸው እየነዳሁ!"

"አባዬም ደህና ነኝ ነበር የሚለው" አለች ቤተል።

ቄራን አልፈን፣ በጎተራ በኩል ዞረን ነፋስ ስልክ ደረስን። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሾፌሩ እናቴን ደግፎ አወረዳት። ዞር ልል ስል፣ "የኔ እህት፣ የሚመረምሩት እስከ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

3:30፤ ጤና ጣቢያ

ዮዲት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ዳዊት ሲታመም ቀን ቀን ሆስፒታል ያስታመመችው እሷ ናት። የእርግዝና ክትትል ሄዳ ደም ስጪ ባሏት ቀን ዳዊት ሆዱን ውሃ ሊያስቀዳ ገብቶ ነበርና የምርመራ ማዘዣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሮጣ ሄደች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ቀኑ የሕፃናት ክትባት ቀን ነው። ኮሪደሩ በእናቶች ሞልቷል። አንዱ ሕፃን ተወግቶ ሲጮህ ገና ያልተወጋው ተቀብሎ ይጮሃል። አንዷ እናት ጡት ታጎርሳለች፣ ሌላዋ ቆማ ትወዘውዛለች፣ አንዷ ጭራሽ ከልጇ ጋር ታለቅሳለች። እናቴ ዓይኗን ከእነሱ ላይ አላነሳችም።

ነርሷን ሲስተር ራሔል ብዬ ልጥራት። ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አምስታችንንም ደም ቀዳችን። የቤተልን ካርድ ተቀብላ አየችና፣ "ይቺ ልጅ ጥሩ እናት አላት" አለች። ትዕግሥት አንገቷን አቀረቀረች።

ውጤቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል ተባልን። ግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚረዝም መንገደኛ የሆነ ሰው ያውቃል፤ ይህ ግን ከዚያ ሁሉ ረዘመብኝ።

መጀመሪያ ትዕግሥትና ቤተል ተጠሩ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ትዕግሥት እስካሁን የተረፈችው ሰውነቷ ተከላክሎላት እንደሆነ ሲስተሯ ገምታ፣ ሌላ ምርመራ እንድታደርግ፣ ካስፈለገም እሷም እንድትከተብ ነገረቻት። ስለ ቤተል ግን ግምት አላስፈለጋትም። "ይህቺ በጨቅላነቷ ተከትባለች። አባቷ ደም ውስጥ የነበረው እሷ ጋ አላለፈም።" ትዕግሥት የልጇን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ቤተል በእናቷ ክንድ ሥር ሆና ቀስ ብላ፣ "አባዬም ልጅ እያለ ቢከተብ ኖሮ?" አለች።

ቀጥሎ እኔ። ነፃ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው፤ አንድ ትሪ ላይ ነው የበላነው። ለምን እኔ ተረፍኩ ብዬ ጠየቅሁ። ሲስተር ራሔል፣ "ይህንን ማወቅ አንችልም" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዮዲትን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ዮዲት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። "ተገኘብኝ" አለችኝ። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

በመጨረሻ እናቴ ተጠራች። አብሬያት ገባሁ። ሲስተሯ ቫይረሱ እሷም ደም ውስጥ መኖሩን፣ ጉበቷ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ሌላ ምርመራ እንደሚያስፈልግ፣ መድኃኒት ሊያስፈልጋትም ላያስፈልጋትም እንደሚችል አስረዳቻት። እናቴ ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ፣

"ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለዳዊት የሰጠሁት እኔ ነኝ?"

ከእናቴ ጀርባ ቆሜ ነበር። ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። አትንገሪያት ማለቴ ነው። ሲስተር ራሔል አየችኝ። ወንበሯን ጎትታ እናቴ ፊት ተቀመጠች፤ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻቸው።

"እማማ፣ ሲወለድ ከእርስዎ የተላለፈበት ይመስለኛል። ግን እርስዎ አልሰጡትም። መስጠት እያወቁ ነው። እርስዎ ምን ያውቁ ነበር?"

"ዮዲትም?"

"ዮዲትም።"

"በሆዷ ያለውስ?"

"እሱ ጋ ነው የምናቆመው" አለች ሲስተር ራሔል። "የቫይረሱ መጠን ታይቶ ካስፈለገ እስክትወልድ ድረስ ክኒን ትወስዳለች። ልጁ እንደተወለደ፣ ቀኑ ሳይሞላ፣ ይከተባል። በስድስተኛው ሳምንት እንደማንኛውም ሕፃን ይቀጥላል። ውጭ እንዳሉት።"

በግድግዳው ማዶ አንድ ሕፃን እየጮኸ ነበር። እናቴ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችው።

"ያልቅስ" አለች። "ያልቅስ፤ እሰይ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺስ?" አለችኝ። ነፃ ነኝ ስላት ድምፄ የሌባ ድምፅ ነበር። "ተመስገን" አለችና፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች።

ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ወደ ሀና ማርያም

ተመልሰን ስንሄድ እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ቤተል ስትሰናበታት ልትስማት ጎንበስ ስትል እናቴ ፊቷን አዞረችባት። ሲስተሯ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም ብላ ሦስት ጊዜ ነግራታለች። እናቴም "እሺ፣ ገባኝ" ብላለች። እጆቿ ግን ከነጠላዋ አልወጡም።

ላፍቶ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ለመንገድ ሥራ የተቆፈረው አፈር ይቦናል፤ ሾፌሮች ጥሩንባ ይነፋሉ። እናቴ ድንገት ማውራት ጀመረች። ሰላሌ የተወለደችበትን ቤት ከዚያ በፊት ብዙ አውርታልኛለች፤ ይህን ግን በዚህ ዕድሜዬ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"እናቴ ሆዷ አብጦ ነው የሞተችው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ነበር፣ አሁን ሳስበው። ያን ጊዜ መተት ነው አሉ። ብርቄ የምትባል ጎረቤት ነበረችን፤ ባል የሌላት፣ ዝም ያለች ሴት። እሷ ናት ያደረገችባት ተባለ። ወንዶቹ ተሰብስበው ሄደው ከቤቷ አስወጧት። ዕቃዋን ተሸክማ በቤታችን ፊት ስታልፍ እኔ ድንጋይ ወረወርኩባት።"

ታክሲው ተንቀሳቀሰ፤ ትንሽ ሄዶ ቆመ።

"ጀርባዋን መታኋት። ዞራ አላየችኝም። ያቺ ሴትዮ ምንም አላደረገችም ማለት ነው፣ አይደል መሲ?"

"ምንም አላደረገችም እማዬ።"

"እናቴም አላደረገችም።"

"አላደረገችም።"

"አንቺም" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቤት ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቴ ጓዳ ገብታ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ ለይታ መደርደሪያው ጥግ ላይ አስቀመጠች። አንስቼ ከሌላው ዕቃ ጋር ቀላቀልኩት። ደግማ ለየች። በቀጣዮቹ ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደዚህ እንዳደረግን አልናገርም።

ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ነፋስ ስልክ

ዮዲት የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሎ ስለተገኘ ክኒኑን ጀምራ ነበር፤ አንድ ቀን አላጓደለችም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት፤ ባሏ ሀብታሙ ሆስፒታል አደረሳት። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ደውሎ፣ "ወንድ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለን። እኔና እናቴ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዘን፣ በዚያው በጥቅምቱ መንገድ ሄድን።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች እናቴ ከበሩ ላይ። ገባ አላለችም። ዮዲት አልጋው ላይ ቀና ብላ ሕፃኑን ዘረጋችላት።

"ያዢው እማዬ።"

"ቆይ። ይከተብ መጀመሪያ።"

"እማዬ፣ በመያዝ አይተላለፍም።"

"አውቃለሁ። ይከተብ።"

አንዲት ነርስ መጣች፤ ወጣት ናት፤ ትሪዋን አስቀመጠች። ሀብታሙ የልጁን እግር ያዘ። መርፌው ጭኑ ላይ ሲገባ ሕፃኑ አንድ አፍታ ዝም ብሎ፣ ከዚያ በሙሉ ሳምባው ጮኸ። እናቴ ከበሩ ወደ አልጋው መጣች። ልጁን አይደለም ያየችው፤ ትሪው ላይ የቀረችውን ብልቃጥ ነው።

"ልያት እስቲ፣ የኔ ልጅ።"

ነርሷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ብልቃጧን ይዛ አሳየቻት። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ናት።

"ይቺ ናት?"

"ይቺው ናት እማማ።"

"ምን ያህል ነው የወጋሽው?"

"ትንሽ ነው። ከሻይ ማንኪያም በጣም ያንሳል።"

እናቴ በመስኮቱ ብርሃን ጎንበስ ብላ ብልቃጧን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"ልጄ ዳዊት ሲወለድ ይቺ የለችም ነበር?"

"ያን ጊዜ እዚህ አገር ለሕፃናት አይሰጥም ነበር እማማ።"

"ልጄ ይህችን ለምታህል ነገር…" አለች እናቴ። እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ሕፃኑን ከዮዲት ተቀበለች። እያለቀሰ ስለነበር ደረቷ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ሀብታሙ፣ "ዳዊት ልንለው አስበናል፣ እማማ" አላት። ዮዲት በዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን ነቀነቀች።

"አይሆንም" አለች እናቴ፤ ልጁን ሳታወርድ። "ዳዊት አንድ ነው፤ ሄዷል። ይሄ በራሱ ስም ይደግ።"

ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ቤት

ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ ነፃ መሆኑ የሚታወቀው ቀሪዎቹን ክትባቶች ጨርሶ፣ ቆይቶ ሲመረመር ነው። ነርሷ ይህን ነግራናለች፤ እናቴም በቃሏ ይዛዋለች። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ ሳምንታቱን በጣቶቿ እየቆጠረች መጣች፤ ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አራት።

ሀና ማርያም ወርደን ቤት ደረስን። በሩን ከፍቼ ዞር ስል እናቴ አልተከተለችኝም። ደጃፉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።"

ደስታም ነበረበት፤ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ፔርሙሱን መሬት ላይ አኖርኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።